መጥፎ ቁጥር ስጡኝ

ግድግዳው ላይ ያለው መስመር የካቲት ላይ ያልቃል። በሰማያዊ እስክሪብቶ ተሠምሮ፣ ከግራ ወደ ቀኝ እየወጣ እየወጣ፣ መቶ ከሚለው ጥግ ሲደርስ ያቆማል። ከላዩ በኮምፒውተር የታተመ ርዕስ አለ፦ «ከወለዱ በኋላ በአንድ ደቂቃ ውስጥ የኦክሲቶሲን መርፌ ያገኙ እናቶች በመቶኛ»። ከጎኑ የዓሣ አጥንት የመሰለ ሥዕል አለ፤ በየአጥንቱ ጫፍ «የግብዓት እጥረት»፣ «የክህሎት ክፍተት»፣ «የክትትል ማነስ» ይላል። ከሥሩ ሰባት ስም፣ «የጥራት ማሻሻያ ቡድን አባላት» ተብሎ። ይህን ሁሉ በቃሌ የያዝሁት ትጉህ አንባቢ ስለሆንሁ አይደለም። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ መብራት ጠፍቶ፣ በስልክ ብርሃን የማየው ሌላ ነገር ስላልነበረኝ ነው። ከግድግዳው ማዶ የወንድሜ ልጅ ታምጣለች።

ተቋሙን አልጠራውም። ብጠራው አንድ ደብዳቤ ይጻፋል፣ አንዲት አዋላጅ ትገመገማለች፣ ነገሩም እዚያው ተድበስብሶ ይቀራል። የእኔ ጠብ ደግሞ ከአዋላጇ ጋር አይደለም። ከከተማችን ከሐሙሲት ወደ ላይም ሂዱ ወደ ታች፣ በጤና ተቋም አግዳሚ ላይ አንድ ሌሊት ያደረ ሰው የየራሱን ግድግዳ ያስታውሳል።

ልጁ ተወለደ፤ አለቀሰ፤ ተመስገን አልን። ከዚያ ደሙ አልቆም አለ። ደሙን እንዲገታ የሚወጋው ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ቅዝቃዜ መቀመጥ ያለበት መድኃኒት ነው፤ ሙቀት ውስጥ በሰነበተ ቁጥር አቅሙ ይደክማል። ፍሪጁ መብራት ካጣ ስንት ቀኑ እንደሆነ ብጠይቅ የሚያውቅ አልነበረም። መርፌው በሰዓቱ ተወግቷል፤ ደሙ ግን መርፌ መወጋቱን የሰማ አይመስልም። አንደኛዋ አዋላጅ ማሕፀኗን በእጇ እያሸች፣ ሁለተኛዋ ግሉኮስ ሰቅላ ስልክ ትደውላለች። የአምቡላንሱ ሾፌር ነዳጅ ሊቀዳ ሄዷል። በዚያ መሐል፣ ስልኩን ጆሮዋና ትከሻዋ መካከል እንደሸጎጠች፣ ሁለተኛዋ ልጅ አንድ ወረቀት አውጥታ መሙላት ጀመረች።

ፓርቶግራፍ ነው። እናት ስታምጥ የፅንሱ የልብ ምት በየግማሽ ሰዓቱ፣ የማሕፀን በሩ መከፈት በየጥቂት ሰዓቱ እየተለካ የሚመዘገብበት ሠንጠረዥ። ሥራው ማስጠንቀቅ ነው፤ ምጡ ከመስመሩ ሲወጣ አዋላጇን «አሁን አንድ ነገር አድርጊ» ይላታል። ያች ልጅ የሌሊቱን ምጥ በሙሉ፣ ከወለደች በኋላ፣ በአምስት ደቂቃ ሞላችው። ነጥቦቹ እንደ ወታደር ሰልፍ ቀጥ ብለው ተደረደሩ።

«ልጄ፣ ምን እያደረግሽ ነው?» አልኋት።

«ጋሼ፣ ካርዷ ባዶ ሆኖ ሪፈር ብትሄድ የምጠየቀው እኔ ነኝ» አለችኝ። ቀና ብላም አላየችኝ።

የወንድሜ ልጅ ተርፋለች። ሌላ ቦታ ደርሳ ደም ወስዳ፣ ሳምንት ተኝታ፣ ልጇን ታቅፋ ገብታለች። ስለዚህ ይህ የልቅሶ ጽሑፍ አይደለም፤ የንዴት ነው።

የሕዝብ ተወካይ ተብዬ በሌላ አንድ ጤና ተቋም ቦርድ ውስጥ ሁለት ዓመት ተቀምጬ ስለነበር ቁጥር ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ አውቃለሁ። ከመዝገብ ወደ ቅጽ፣ ከቅጽ ወደ ኮምፒውተር፣ ከዚያ ወደ ወረዳ፣ ወደ ዞን፣ ወደ ክልል እያለ ሽቅብ ይወጣል። ሲወርድ አይቼው አላውቅም። ያችን ሌሊትም በዚያው መንገድ አስኬድኋት። በጤና ተቋም የወለደች፣ አንድ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ መርፌ ያገኘች፣ አንድ። ፓርቶግራፏ የተሟላ፣ አንድ። ሪፈር የተባለች፣ አንድ። በአራቱም ላይ ራይት። ደሙ የለም። ፍሪጁ የለም። ነዳጁ የለም። አግዳሚው ላይ በጉልበቷ ተንበርክካ ድንግል ማርያምን የምትለምነው እናቷ የለችም። ግድግዳው ላይ ያ መስመር ቢቀጥል ኖሮ ያች ሌሊት መቶ በመቶ ላይ አንድ ተጨማሪ ነጥብ ትሆን ነበር።

የጥራት ማሻሻያ ብለን የምንጠራው ነገር በአብዛኛው ይኸው ነው፤ ቁጥሩ እንዲያምር የሚደረግ ጥረት። ቁጥሩ የሚያምረው ደግሞ ለማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ሱፐርቪዥን ይመጣል ሲባል የሚሆነውን በጤና ተቋም የሠራ ሁሉ ይንገራችሁ። የተቆለፈበት አዲስ አንሶላ ከመጋዘን ይወጣል። የእጅ መታጠቢያው ላይ ሳሙና ይቀመጣል፤ ማታ ይነሣል። የጥራት ኮሚቴው ያልተሰበሰበባቸው የአራት ወራት ቃለ ጉባኤዎች በአንድ ከሰዓት ይጻፋሉ፤ እንዳይነቃ በሁለት ዓይነት እስክሪብቶ። ነጩ ላንድክሩዘር ይመጣል፣ ቼክ ሊስቱ ይሞላል፣ «ጠንካራ ጎን»፣ «ሊሻሻል የሚገባው» ተብሎ አስተያየት ይሰጣል፣ ምሳ ይበላል። ይህን የሚያደርጉት ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ጎረቤቶቼ ናቸው። መጥፎ ቁጥር ያመጣ ሰው ምን እንደሚደርስበት አይተው የተማሩ ናቸው።

ግምገማ የሚባለውን ነገር ታውቁታላችሁ። ዝቅተኛ አፈጻጸም ያሳየ ክፍል ይነሣል፤ ቆሞ ምክንያት ይጠየቃል፤ ምክንያቱ «ሰበብ» ይባላል፤ ቀይ ይቀባል። ከጎኑ ያለው ክፍል፣ ተመሳሳይ ፍሪጅ፣ ተመሳሳይ መብራት፣ ተመሳሳይ የሰው እጥረት ያለበት፣ ግን እስክሪብቶው የሚፈጥን፣ አረንጓዴ ይቀባና ምርጥ ተሞክሮ ይባላል። በዓመቱ ሁለቱም ክፍሎች አረንጓዴ ናቸው። የተሻሻለው ምን እንደሆነ ግን ቀዩን የተቀባው ክፍል ያውቃል።

አንድ ነገር ልመስክር፤ የጥራት ማሻሻያ ሰነዶቹን አልጠላቸውም። ቢ.ፒ.አር እና ካይዘን ከተባሉት የአሠራር ለውጦች ጊዜ ጀምሮ የወረደልንን ሁሉ በአንድ ጆንያ ከትቶ መጣል ቀላል ነበር። ግን የሆስፒታል ማሻሻያ መመሪያው በ2002 ዓ.ም ሲወጣ በካርድ ክፍል ወለል ላይ ተበትኖ ይኖር የነበረውን የሕመምተኛ ማኅደር ሥርዓት አስይዟል። በዚሁ በክልላችን ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል የተጀመረው፣ መድኃኒትን ከመጋዘን እስከ ታካሚ እጅ ኦዲት ለማድረግ የሚያስችለው አሠራር በመላ አገሪቱ ተቀድቷል፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ብልቃጥ የት እንደገባ ደረሰኙ ይናገራል፣ ፋርማሲስቱም ደረሰኙን ለራሱ መከላከያ ይፈልገዋል። በ2008 ዓ.ም የወጣው ብሔራዊ የጤና ጥራት ስትራቴጂም ጥሩ ጽሑፍ ነው። ችግሩ ጽሑፉ ሐሙሲት እስኪደርስ የሚሄድበት መንገድ ነው። አምስት ቀን ሆቴል ውስጥ ሥልጠና፣ አበል፣ የዓሣ አጥንት ሥዕል፣ የግድግዳ ግራፍ፣ የድጋፍ ሰጪው ድርጅት ዓመት ያልቃል፣ መስመሩ የካቲት ላይ ይቆማል።

ሥልጠናው ላይ አራት ፊደል ያስተምራሉ፤ ፒ.ዲ.ኤስ.ኤ። አቅድ፣ በትንሹ ሞክር፣ ውጤቱን አጥና፣ አስተካክል፤ ከዚያ እንደገና። ሐሳቡን በዓለም ያስፋፋው አሜሪካዊው የስታትስቲክስ ሰው ኤድዋርድስ ዴሚንግ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1950 ጃፓን ሄዶ ለፋብሪካ አለቆች ያስተማረ። ይኸው ሰው ለድርጅት መሪዎች የጻፋቸው 14 ነጥቦች አሉ። ስምንተኛው ፍርሃትን ከሥራ ቦታ አስወጡ የሚል ነው። አሥረኛው በሠራተኛ ላይ መፈክር መለጠፍ አቁሙ የሚል። እኛ አራቱን ፊደሎች ወሰድን፣ ስምንተኛውንና አሥረኛውን ባሕር ዳር ሆቴል ውስጥ ትተን መጣን። ከዚያ «ሩህሩህ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» የሚል ባነር አሠርተን፣ ሁለት ሌሊት ያልተኛች ሴት ራስ ላይ ሰቀልን።

ደግሞ ሐሳቡ ለእኛ አዲስ መስሎ መቅረቡ ያስቀኛል። ይህ የእኛ የፎገራ ሜዳ እኮ በሙከራ የኖረ ሜዳ ነው! ዛሬ የፎገራ ሩዝ የሚባለው ነገር ከአምሳ ዓመት በፊት አልነበረም። ክረምት ሲገባ የጉማራና የርብ ወንዞች ይሞላሉ፣ ጣና ይገፋል፣ ሜዳው ውኃ ይተኛበታል። በ1970ዎቹ የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች መጥተው በሁለት የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ ደራ ውስጥ በጅግና፣ ፎገራ ውስጥ በሻጋ፣ ሩዝ ተሞከረ። ዝርያው ራሱ ኤክስ ጅግና ተብሎ የቀረው ከዚያ ነው። ኅብረት ሥራው ፈረሰ፣ ኮርያዎቹ ሄዱ፣ መንግሥት ተለወጠ፤ ሩዙ ግን ቀረ። ለምን ቀረ? ገበሬው ከማሳው ጥግ ላይ በትንሹ ዘርቶ፣ አይቶ፣ የጎረቤቱን ጠይቆ፣ በዓመቱ ትንሽ ጨምሮ፣ የማይሆነውን ትቶ፣ የሚሆነውን ስላሰፋ። አቀደ፣ ሞከረ፣ አጠና፣ አስተካከለ። አበል ማንም አልከፈለውም።

ከሁሉ በላይ ግን ገበሬው አልዋሸም። ለማን ይዋሻል? ያልበቀለውን በቅሏል ቢል ጎተራው ያዋርደዋል። የምርቱ ቁጥር የራሱ ነው፤ ቁጥሩ ሲከፋ የሚራበው እሱ፣ ሲያምር የሚጠግበው እሱ። አዋላጇ ግን የምትሞላው ቁጥር የእርሷ አይደለም። ሲያምር የሚሸለመው ሌላ ነው፤ ሲከፋ የምትቆመው እርሷ ናት። እንግዲህ ከዚህ በኋላ መረጃው ለምን ጥራት እንደሌለው የሚያጠና ኮሚቴ አታቋቁሙ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል የአገሬ ሰው። ተረቱ ለታማሚ ነበር የተተረተው። እኛ በሽታውን የሚደብቅ ሐኪም ቤት ፈጠርን።

የተደበቀ በሽታ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ ይህ አካባቢ ከማንም በላይ ያውቃል። ከወረታ አልፎ አዲስ ዘመን ላይ፣ ሊቦ ከምከም ውስጥ፣ ትኩሳት ሰዎችን መጣል ጀመረ። ለሳምንታት የማይለቅ ትኩሳት፤ ሰውነቱ ይከሳል፣ ሆዱ በጣፊያ ይነፋል። ወባ ነው ተባለ፤ ሜዳው የወባ ሜዳ ነውና። የወባ መድኃኒት ተሰጠ። አልዳኑም። እንግዲያው መድኃኒቱን የተላመደ ወባ ነው ተባለ። ሰው ሞተ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2005፣ በእኛ በ1997 መሆኑ ነው፣ አገሩ ሁሉ የምርጫ ድምፅ ሲቆጥር፣ ትክክለኛው ስም ወጣ፤ ካላዛር። በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ፣ ካልታከሙት ሁሉን ማለት ይቻላል የሚገድል በሽታ። እስከዚያ ድረስ የሁመራና የመተማ ቆላ በሽታ እንጂ የእኛ ደጋማ ሜዳ በሽታ ተብሎ የሚታወቅ አልነበረም። ለሰሊጥ ሥራ ወርደው የተመለሱ ሠራተኞች ይዘውት እንደመጡ ይታመናል። ድንበር የለሽ ሐኪሞች አዲስ ዘመን ላይ ማከሚያ ከፍተው ከሁለት ሺህ በላይ ሰው አክመዋል።

እኔ በዚያ ጊዜ የነበረውን ጤና ባለሙያ አልከስስም፤ የማያውቀውን በሽታ በማያየው መሣሪያ እንዲያገኝ አልጠብቅም። ግን መዝገቡን አስቡት። በየጤና ጣቢያው ተኝቶ የነበረውን መዝገብ። ስም፣ ቀበሌ፣ ትኩሳት፣ የወባ መድኃኒት። እንደገና ያው ስም፣ ያው ቀበሌ፣ ያው ትኩሳት። እንደገና። መዝገቡ ይህ ወባ አይደለም እያለ ይጮህ ነበር። የሚያነበው ግን አልነበረም፤ መዝገብ የሚሞላው ሊላክ እንጂ ሊነበብ አይደለምና። «ለወባ የታከሙ» የሚለው ቁጥር ወደ ላይ ሲሄድ ምናልባት ጥሩ አፈጻጸም ተብሎ ይሆናል። «ለወባ ታክመው ያልዳኑ» የሚል ዓምድ ቢኖርና ያንን መጥፎ ቁጥር የሚፈልግ ሰው ቢኖር ኖሮ ስሙ ቀደም ብሎ አይወጣም ነበር? እኔ ይወጣ ነበር ባይ ነኝ።

አሁን ነገሩን ከሐሙሲት አውጥተን በአገር ደረጃ እንየው። የእ.ኤ.አ. 2016 የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከመቶ ወላዶች 26ቱ በጤና ተቋም ይወልዳሉ አለ። በ2019 የተደረገው አነስተኛ ጥናት 48 አደረሰው። በሦስት ዓመት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ይህ ቀልድ አይደለም፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሴቶች በእግራቸው ጭቃ እያቦኩ፣ ቤት ለቤት እየለመኑ፣ ነፍሰ ጡሯን በቃሬዛ እያስያዙ ያመጡት ነው። እጄን አንሥቼ አመሰግናቸዋለሁ። ግን እነዚያው ሁለት ጥናቶች ሌላ ቁጥር አላቸው፤ ከተወለዱ ከሺህ ሕፃናት ስንቱ በመጀመሪያው ወር ይሞታል የሚል። በ2016፣ 29። በ2019፣ 33። ባለሙያዎች ልዩነቱ በናሙና ስሕተት ውስጥ የሚወድቅ ነው ይሉኛል። እሺ፤ ጨመረ አልልም። አልቀነሰም ልበል? እናቶችን ከመደባቸው አንሥተን አመጣናቸው። ሕፃናቱ ግን እቤት እያሉ በሚሞቱበት ልክ ሞቱ። ግድግዳው ላይ የተሠመረው የቱ ነው? የመጀመሪያው ቁጥር ነው። ሁለተኛውን በባነር ላይ አይቼው አላውቅም።

ይህ የእኛ ብቻ ውርደት እንዳይመስላችሁ። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ስሌት፣ በድኻና በመካከለኛ ገቢ አገሮች በየዓመቱ ሊድኑ ሲችሉ ከሚሞቱት 8.6 ሚሊዮን ሰዎች 5 ሚሊዮኑ ሐኪም ቤት ያልደረሱ አይደሉም። ደርሰው ነው የሞቱት። ያልደረሱት 3.6 ሚሊዮን ናቸው።

ማስረጃ ላይ የቆመ ማሻሻያ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ደግሞ የሩቅ አገር ተረት አልነግራችሁም። ኬንያ፣ ናይጄሪያ፣ ታንዛኒያና ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከ200,000 በላይ ወላዶችን ያካተተ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2023 ታትሟል። ያደረጉት ይህ ነው፦ ከእናቲቱ ሥር መለኪያ መስመር ያለው ፕላስቲክ አነጠፉ። በቃ። ደሙን በዓይን ከመገመት ለኩት። ልኩ ሲያልፍ ማሸት፣ ማሕፀን የሚያኮማትር መድኃኒት፣ ደም የሚያረጋ መድኃኒት፣ ግሉኮስ፣ ምርመራ፤ አንዱን ሞክሮ ሌላውን ከመጠበቅ ሁሉንም ባንድ ጊዜ። ከባድ ደም መፍሰስ፣ ለዚያ የሚደረግ ቀዶ ሕክምናና ሞት ተደምሮ በ60 በመቶ ቀነሰ። ልብ በሉ፤ የመጀመሪያው እርምጃ መድኃኒት አልነበረም። መጥፎውን ቁጥር ደፍሮ ማየት ነበር። ያ ፕላስቲክ አይፈራም፣ አይገመገምም፤ ስለዚህ አይዋሽም።

አሁን የሚመጣብኝን መልስ አውቀዋለሁ። «አንተ ደግሞ፣ በዚህ ጊዜ!» ትሉኛላችሁ። መንገድ ይዘጋል፣ ተኩስ አለ፣ አምቡላንስ ይቆማል። ባለሙያው ደሞዙ ከቤት ኪራይ አያልፍም፤ በግንቦት 2017 ዓ.ም የጤና ባለሙያዎች በመላ አገሪቱ ሥራ እስከማቆም የደረሱት አምሯቸው አይደለም። ሁሉም እውነት ነው። እንዲያውም ከእናንተ በላይ እሄዳለሁ፤ የጥራት ፕሮጀክት ከሚሠራባቸው ግፎች ትልቁ የሌለውን ነገር በዘዴ ፍጠር ማለቱ ነው። «በእጅህ ባለው ሀብት አሻሽል» የሚለውን ቃል ስሰማ ጥርሴን አፋጫለሁ። ፍሪጅ በሌለበት የኦክሲቶሲንን ቅዝቃዜ በቁርጠኝነት መጠበቅ አይቻልም። የዓሣ አጥንቱ ላይ «የግብዓት እጥረት» ብሎ ጽፎ፣ ከዚያ መፍትሔው ላይ «ግንዛቤ ማስጨበጫ ሥልጠና» ብሎ የሚጽፍ ሰው ሊያሻሽል አልመጣም፤ ጥፋቱን ከበጀት ያዥ ላይ አንሥቶ አዋላጇ ትከሻ ላይ ሊያስቀምጥ ነው የመጣው።

ግን ለዚሁ ነው እኮ መጥፎውን ቁጥር የምፈልገው! ፍሪጁ በመስከረም አሥራ አንድ ቀን ሞተ ተብሎ ያልተጻፈበት አገር፣ ማን ጀኔሬተር ይገዛል? በሪፖርቱ እኮ ሁሉም እናት መርፌዋን ወስዳለች። ሁሉም መቶ በመቶ ነው። በጀት የሚመድበው ሰው ወረቀቱን አይቶ፣ «እዚህማ ችግር የለም» ብሎ ቢያልፍ ምኑ ላይ ነው ጥፋቱ? ያማረው ቁጥር ባለሙያዋን ከግምገማ አዳናት፤ ጀኔሬተሩን ግን አስቀረባት። ራሷን ለማዳን በሞላችው ፓርቶግራፍ የነገዋን ወላድ አሳልፋ ሰጠች። እንዲህ ዓይነት ምርጫ ውስጥ ያስገባናት እኛ ነን።

የፎገራ ሰው ደግሞ ለመጠየቅ ልዩ መብት አለው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን በ2003 ዓ.ም በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር፣ ፎገራ አንዷ ነበረች። የዚህ ሜዳ ገበሬ ሩዙን ሸጦ፣ ሳይታመም፣ አስቀድሞ ከፍሏል። ለከተሜው ሐኪም ቤት አገልግሎት ሊሆን ይችላል፤ ለእሱ ግን የተገዛ ዕቃ ነው። ሲታመም ደብተሩን ይዞ ይሄዳል፤ «መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዛ» ይባላል። አስቀድሜ የከፈልሁት ታዲያ ለምንድን ነው ብሎ ቢጠይቅ የቅሬታ ሣጥን ያሳዩታል። የሣጥኑ ቁልፍ ማን ዘንድ እንደሆነ ግን አይነግሩትም። በቦርድ ዘመኔ አንድ ቀን ሣጥኑን እንክፈተው ብዬ ነበር። ቁልፉ ሲፈለግ ሰዓቱ አልቆ ስብሰባው ተበተነ። ይህን ስጽፍ ራሴንም እከስሳለሁ፤ በሚቀጥለው ስብሰባ አልጠየቅሁም።

ሕጉ የለም እንዳይባል ሕጉ አለ። ከ2005 ዓ.ም ጀምሮ የእናቶች ሞት ቅኝትና ምላሽ የሚባል ሥርዓት አለን። አንዲት እናት ስትሞት ባለሙያዎች ተቀምጠው ከቤቷ እስከ አልጋዋ የሆነውን እንዲመረምሩ፤ ስም እንዳይጠራ፣ ወቀሳ እንዳይኖር፣ ወረቀቱ ለክስ እንዳይውል ተብሎ የተሠራ። ይህን ያሰበ ሰው ብልህ ነው፤ ሞትን የሚናገር እንዲገኝ መጀመሪያ ተናጋሪውን መጠበቅ እንደሚያስፈልግ ገብቶታል። ታዲያ በሥርዓቱ ሪፖርት የሚደረገው ሞት ይሞታሉ ተብሎ ከሚገመተው ክፉኛ ያነሰ ነው። እናቶቹ መሞታቸውን አቁመው ቢሆን እልል ባልን። ወረቀቱ «ወቀሳ የለም» ይላል፤ ማክሰኞ ግምገማው አለ። ባለሙያዋ የምታምነው ማክሰኞን ነው።

እኔ የምጠይቀው ቀላል ነው፤ ደግሞም ገንዘብ አይጠይቅም። በየጤና ተቋሙ በር ላይ፣ ገበያተኛ ሁሉ የሚያየው፣ በጠመኔ የሚጻፍ ሰሌዳ ይቁም። በዚህ ወር ፍሪጁ ያለ መብራት ያደረው ስንት ቀን ነው? ኦክሲቶሲን ያልነበረበት ቀን ስንት ነው? አምቡላንስ ተጠርቶ እስኪመጣ ረጅሙ ጥበቃ ስንት ሰዓት ነው? ከመድኅን አባላት ውስጥ ከውጭ ግዙ የተባሉት ስንት ናቸው? ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ይታወጅ፤ በዚህ ሰሌዳ ላይ በተጻፈ መጥፎ ቁጥር የሚገመገም የለም። የሚገመገመው ሰሌዳውን ባዶ የተወ፣ ወይም ሦስት ወር በተከታታይ ዜሮ የጻፈ ነው። ዜሮ የጻፈውን ሄዳችሁ ፈትሹት! ሱፐርቪዥኑ ላንድክሩዘሩን ይዞ ወደዚያ ይሂድ። እኛ ከሥር ያለነው ደግሞ መጥፎ ቁጥር የጻፈውን ተቋም ጀኔሬተሩን ገዝተን እንርዳው፤ ለጽዋ ማኅበር፣ ለዕድር ስናዋጣ የኖርን ሰዎች አይደለንም እንዴ? ምን እንደጎደለ ይንገሩን እንጂ።

ባለፈው ወር ያችን ፓርቶግራፍ የሞላች ልጅ አገኘኋት፤ መንገድ ዳር ሻይ ቤት። አላወቀችኝም ብዬ ነበር፤ አወቀችኝ። «ልጅቱ እንዴት ናት? ሕፃኑስ?» አለች። ደኅና ናቸው፣ ሕፃኑ መዳህ ጀምሯል አልኋት። ስለ ግድግዳው ሳነሣባት ሣቀች። ከዚያ ከቦርሳዋ ውስጥ ባለ ሃምሳ ሉክ የተማሪ ደብተር አወጣች። ጫፎቹ ተጣጥፈዋል። እያንዳንዷ ወላድ አንድ መስመር አላት፤ ስም የለም፣ ቀን ብቻ። መርፌ የተወጋችበት ሰዓት። ፍሪጁ ይሠራ እንደሆነ። ደሙ ስንት ፎጣ እንዳራሰ። አምቡላንስ የተደወለበትና የመጣበት። የእኛን ሌሊት ፈልጌ አገኘሁት። «ፍሪጅ ሙቅ» ይላል፤ «አምቡላንስ 1 ሰዓት ከ50»።

«ይህን ለምን አትሰጫቸውም?» አልኋት።

«በሚቀጥለው ሳምንት እኮ ግምገማ ነው፣ ጋሼ» አለችና ደብተሩን አጥፋ ወደ ቦርሳዋ መለሰችው። የሻዩን ሒሳብ እኔ ልክፈል ብል እምቢ አለች።